የጠረጴዛው ወዝ

ሥራዋ ማስረጀት ነው። ሌላው ሠራተኛ አሮጌውን ሲያድስ ይውላል፤ እሷ ደግሞ አዲሱን አስረጅታ ወደ ቤቷ ትገባለች። የኮምፒዩተር ጌም በሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ባለች ጠባብ ቦታ ተቀምጣ በሮችን ታዝጋለች፤ ግድግዳዎችን ትሰነጥቃለች፤ የደረጃዎችን ጠርዝ ታስበላለች፤ ከጣሪያ ጠርዝ ወደ ታች የዝናብ ዱካ ታወርዳለች። ቤቱን የሚሠራው ባልደረባዋ ልክ ከወረቀቱ እንደወጣ ሳሙና አለስልሶ ያስረክባታል። እሷ ተቀብላ ሰው የኖረበት ታስመስለዋለች።

በመሥሪያ ቤቱ ስሟ ዝገት ነው። «ዝገት ገብታለች?» «ዝገት ዛሬ የለችም፤ አሟታል።» አዲስ የተቀጠረች የጽዳት ሠራተኛ «ዝገት መስኮቱ ጋ ናት» ሲባል ሰምታ የመስኮቱን ብረት ስታገላብጥ እንደዋለች ይወራል። እሷም ቅጽል ስሙን አልጠላችውም። ከዚህ የባሰ የወጣላቸው አሉ። አለቃቸው ለምሳሌ «ሜሞሪ» ነው የሚባለው፤ ጠዋት ሲገባም ማታ ሲወጣም ከአፉ የማይጠፋ ቃል እሱ ስለሆነ ነው። «ሜሞሪ ቆጥቡ! ይሄን ሁሉ የሚሸከም ማሽን የለም!»

እናቷ ግን ልጇ ምን እንደምትሠራ ለጎረቤት በቅጡ ተናግራ አታውቅም። ሲጠይቋት «ኮምፒዩተር ላይ ናት» ትላለች። አነጋገሯን የሰማ ሰው አልጋ ላይ ናት ያለች ይመስለዋል። እናትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ከአቧራ ጋር ስትጣላ የኖረች ሴት ናት። እጇ ላይ ጨርቅ ከሌለ የጎደላት ነገር ያለ ይመስል ዙሪያዋን ታያለች።

«ሰው ልጁን አስተምሮ የሚያኮራ ሥራ ያስይዛል» ትላለች አንዳንዴ። «እኔ አስተምሬ፣ ቆሻሻ ታመርትልኛለች።»

«ቆሻሻ አይደለም እማ፤ ቴክስቸር ነው።»

«ስሙን አሳምረሽው ነው እንጂ በደንብ አውቀዋለሁ። ስጠርገው የኖርኩት እሱን ነው።»

እውነትም ልጅቷ መንገድ ላይ ስትሄድ ዓይኗ የሚያርፈው ሌላው ሰው ፊቱን በሚያዞርበት ነገር ላይ ነው። አንድ ጊዜ አንድ የመጋዘን በር ዝገቱ አምሮባት ቆማ ፎቶ ስታነሳ ዘበኛው ከኋላዋ ደረሰ።

«ምንድን ነው የምታነሺው?»

«ዝገቱን።»

ዘበኛው በሩን አየ፤ እሷን አየ። የሆነ ቦታ ሪፖርት የምታቀርብ ተቆጣጣሪ መሰለችው። በማግስቱ በዚያ ስታልፍ በሩ ግራጫ ቀለም ተቀብቶ ጠበቃት። ዘበኛው ከሩቅ በኩራት እጁን አነሣላት። እሷም አጸፋውን ሰጥታ በልቧ አዝና ሄደች።

ይህን ዓይን ያወጣላት አባቷ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቅ ስላልነበረው የሳሎኑ ትልቅ ጠረጴዛ ሱቁም ቢሮውም ሆኖ አገለገለው። ቀን ጨርቅ ይቆረጥበታል፤ ሲመሽ ክርና ቁርጥራጩ ተጠርጎ ራት ይቀርብበታል። እሷ ያደገችው ከዚያ ጠረጴዛ ሥር ነው። ከላይ የመቀሱ ድምፅ ይሰማል፤ ከታች ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዘንባል። አባቷ መስኮቱን ፊት ለፊት እያየ፣ የግራ ክንዱን ጠርዙ ላይ አስደግፎ፣ በቀኙ ይቆርጥ ነበር። የሰው ገላ ክብ ሆኖ ሳለ ጨርቅ ግን ዝርግ መሆኑን፣ የልብስ ሰፊ ጥበብም ክቡን ዘርግቶ ቆርጦ መልሶ ክብ ማድረግ እንደሆነ፣ ስፌቱም ዓይን በማያርፍበት በብብት ሥር መደበቅ እንዳለበት ለደንበኛ ሲያስረዳ እሷ ከሥር ሆና ትሰማለች።

ብዙ ዓመት ቆይታ ጌም መሥራት ስትማር፣ መምህሩ ስለ ቴክስቸር ሲያስረዳ ክፍሉ በሙሉ ተደናገረ። ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራ ወንበር ሲወለድ ባዶ ቅርጽ ነው፤ ቆዳ የለውም። ቆዳው ስፌቱ እንደተፈታ ልብስ በዝርግ ይነጠፋል፤ ዝርጉ ላይ ቀለሙ፣ ጭረቱና እድፉ ይሳላል፤ ከዚያ መልሶ ወንበሩን ይለብሰዋል። ሌሎቹ አንገታቸውን ሲያክኩ እሷ «ይሄማ እጅጌ ነው» ብላ ሥራዋን ጀመረች።

ሌላም የወረሰችው ነገር አለ። አባቷ ሁለት እጅጌ ሲቆርጥ ጨርቁን አጥፎ በአንድ መቀስ ሁለቱንም ያወጣ ነበር። ጊዜም ጨርቅም ይተርፈዋል። ጌም ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት የሆነ ዕቃ ለግማሹ ብቻ ቆዳ ተስሎለት ሌላው ግማሽ ያንኑ ተገልብጦ ይለብሳል። ሜሞሪ የሚባለው አለቃ ይህን ዘዴ እንደ ዓይኑ ብሌን ይወደዋል። አባቷ ግን ጨርቁ ላይ እድፍ ወይም ቀዳዳ ካየ በፍጹም አያጥፍም። መዳፉን በጨርቁ ላይ እያንሸራተተ አገላብጦ ያየዋል፤ እንከን ካገኘ እጅጌዎቹን አንድ በአንድ ይቆርጣል። ይህንንም ታውቃለች።

ከሁሉ በላይ ግን የወረሰችው አንድ ቃል ነው። የአባቷ የግራ ክንድ ዘወትር የሚያርፍበት የጠረጴዛው ጠርዝ ከዘመን ብዛት ስርጉድ ብሎ፣ ጠቁሮና ለስልሶ እንደ ተወለወለ ድንጋይ ያብረቀርቅ ነበር። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ እዚያ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣

«ጋሼ፣ ይሄ ጠረጴዛ አይታጠብም እንዴ?» አለው።

«እሱ እድፍ አይደለም፤ ወዝ ነው» አለ አባቷ፣ ከመቀሱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ። «ከውጭ የመጣ አይምሰልህ፤ ከኔው የወጣ ነው።»

ሱሪው በስህተት አንድ ጣት ያህል አጥሮ ተሰጠ። ስህተት ነው ተባለ።

በጌም ሥራ ውስጥ አንድ ዕቃ የቱ ጋ እንደሚያበራና የቱ ጋ እንደሚፈዝ ለኮምፒዩተሩ የሚነግር ጥቁርና ነጭ ሥዕል አለ። በር ቢሆን እጀታው ዙሪያ፣ ወንበር ቢሆን ክንዱ ላይ፣ ሰው የነካው ሁሉ እዚያ ሥዕል ላይ ይታያል። የውጭ አገር ስሙ ረጅም ነው። እሷ የመጀመሪያውን ስትሠራ ፋይሉን «ወዝ» ብላ ሰየመችው፤ ቃሉ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ተላልፎ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ሆነ። «የበሩ ወዝ በዝቷል።» «የባልዲውን ወዝ ላኪልኝ።» ሜሞሪ ሳይቀር «ወዙን ቀንሺው፤ ከብዷል» ይላል።

አባቷ ከሞተ በኋላ ጠረጴዛው የራት ጠረጴዛ ብቻ ሆኖ ቀረ። እናትና ልጅ ይበሉበታል። እናትየዋ ድሮም ከአባትየው ትይዩ ነበር የምትቀመጠው፤ አሁንም እዚያው ናት። ስርጉዱ ፊት ለፊቷ ነው። ጠረጴዛውን በየዕለቱ ከዳር እስከ ዳር ትወለውላለች፤ ስርጉዱ ጋ ስትደርስ ጨርቁ ትንሽ ይዘገያል፤ ከዚያ ያልፋል።

ታዲያ አንድ ቀን ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ እናቷ ወጥ ስለ መጨመር በምታወራበት ድምፅ እንዲህ አለቻት፦

«አናጺው ቅዳሜ ይመጣል። ጠረጴዛውን ልጎ ቫርኒሽ ይቀባዋል።»

ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቀረች።

«የቱን ጠረጴዛ?»

«ስንት ጠረጴዛ አለን?»

«ምን ሆነና ነው እማ?»

«አርጅቷል።»

«እንዲያረጅ እኮ ነው የምንፈልገው።»

«እናንተ! እኔ ሰው ቤቴ ሲመጣ አፍራለሁ።»

ቤታቸው የሚመጣ ሰው እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ልጅቷ ግን አላነሣችውም። የእናቷ ጠረጴዛ ነው፤ ቫርኒሽ ይቀባ ያለችውም እሷ ናት። ተከራክራ እንደማታሸንፍ ስላወቀች ሌላ ነገር አሰበች። በዚያ ሰሞን የምትሠራው ጌም ውስጥ ተጫዋቹ አንድ አሮጌ ቤት ገብቶ ቁልፍ የሚፈልግበት ክፍል ነበር። ክፍሉ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ስርጉዱ ከቤት ቢጠፋ እንኳ እዚያ ይቀመጥ አለች።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዕቃውን ከየአቅጣጫው ደጋግሞ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ፎቶዎቹን አገጣጥሞ ቅርጹን ያወጣዋል። ግን ደመና ያስፈልጋል። ፀሐይ ካለ ጥላ ይኖራል፤ ፎቶው ላይ የገባ ጥላ ደግሞ እንደ እድፍ አብሮ ተስሎ ይቀራል። በዚያ ሳምንት ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ ሰነበተ። ሰፈሩ በሙሉ ልብሱን አጥቦ ሲያሰጣ እሷ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥታ ወደ ላይ እያየች ከንፈሯን ትመጥጥ ነበር።

ደመናው የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እናቷ ገበያ በወጣችበት ጠረጴዛውን ገፍታ ጎትታ ግቢ አወጣችው። ሁለተኛው ችግር እዚያ ጠበቃት። ካሜራ የሚያብረቀርቅ ነገር አይወድም፤ ስርጉዱ ደግሞ እንደ መስተዋት ሰማዩን እየመለሰ አስቸገራት። ለዚህ መድኃኒቱ ዕቃውን በስሱ ዱቄት ነገር መንስነስ ነው። የሕፃን ፓውደር አምጥታ ጠረጴዛውን ነሰነሰችው። ልክ ነስንሳ ስትጨርስ እናቷ በግቢው በር ገባች፤ ከኋላዋ መላጊያውን የተሸከመ አናጺ አለ።

እናትየዋ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ የወለወለችው ጠረጴዛ ነው።

«ምን በደልኩሽ?» አለች።

«ይጠረጋል እማ። ትንሽ ታገሺኝ።»

አናጺው መላጊያውን አውርዶ ተመለከተ። ልጅቷ ጎንበስ ቀና እያለች ጠረጴዛውን እየዞረች ፎቶ ታነሳለች።

«እትዬ፣ ፓውደር ይቀባል፣ ፎቶ ይነሳል» አለ ለእናትየዋ ዝግ ብሎ። «ሊዳር ነው እንዴ?»

«ሥራዋ ነው» አለች እናትየዋ። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ፎቶው አለቀ። ፓውደሩ ተጠረገ። አናጺው መላግ ጀመረ። ስርጉዱ ጋ ሲደርስ ቆመና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄን በመላጊያ አልደርስበትም። ልሙላው ወይስ ይቅር?»

ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ ዘንቢሉን አየች።

«ሙላው» አለች።

የላጋውን የእንጨት ዱቄት ከኮላ ጋር ለውሶ ሞላው፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከለው፤ ቫርኒሹን ቀባው። ጠረጴዛው ማንም ያልተቀመጠበት ሆነ። አናጺው ጥሩ ሠራተኛ ነበርና የስርጉዱን ቦታ ፈልጎ ማግኘት እንኳ አይቻልም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናትየዋ ወጥ ቤት ቆማ መብላት አመጣች። «ቫርኒሹ በደንብ አልደረቀም» አለች። ሳምንት አልፎም አልደረቀም።

በመሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ጠረጴዛው ኮምፒዩተሩ ውስጥ አምሮ ወጣ። የመቀሱ ጭረት፣ የካውያው ጠባሳ፣ ስርጉዱ፣ ሁሉም አለ። ሜሞሪ ግን የክፍሉን ክብደት አይቶ ራሱን ያዘ።

«ዝገት! ይሄ ጠረጴዛሽ ቤቱን ከነጣሪያው ይመዝናል እኮ!»

«አሮጌ እንጨት ስለሆነ ነው።»

«አትቀልጂ። ተጫዋቹ የሚፈልገው ቁልፉን ነው፤ ጠረጴዛ ቆሞ የሚያይ ማን አለ? ግማሽ አድርጊው፤ አለዚያ ከመጋዘን አንዱን አውጥቼ እተካዋለሁ።»

ከመጋዘን የሚወጣው ጠረጴዛ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ራሷ ናት ያስረጀችው፤ የማንም አይደለም። ስለዚህ ቸኩላ አጠፈችው። ስርጉዱ ያለበትን ግማሽ ወስዳ ሌላውን ጣለች። ከዚያ ከባዱ ቅርጽ ላይ ያለውን ጎድጎድና እብጠት ቀላሉ ቅርጽ ላይ ማተም ቀረ፤ ይህን በሥራቸው ቋንቋ «መጋገር» ይሉታል። በዚህ መሀል እናቷ ደወለች።

«ምሳ በላሽ?»

«ቆይ እማ፣ ጠረጴዛውን እየጋገርኩ ነው።»

«የቱን ጠረጴዛ?»

«የኛን።»

«የኛ እዚህ አለ።»

«የድሮውን።»

«እንዳታሳርሪው» አለች እናቷ፤ ዘጋችው።

ተጋግሮ ሲወጣ ጠረጴዛውን ክፍሉ ውስጥ አስቀምጣ ዙሪያውን አየችውና ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ስርጉዱ ሁለት ሆኗል። አንዱ በአባቷ ቦታ፣ አንዱ ልክ በትይዩው፣ ፊት ለፊት ይተያያሉ። እድፍ ያለበት ጨርቅ አጥፋ ቆርጣለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ተራ ስህተት ነው፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ግን ከጠረጴዛ ሥር ሆና የተማረችውን ነው የሳተችው።

ሜሞሪ ትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ሁለቱም ጋ ያምራል። ምን ቸገረሽ?»

«አንዱ ውሸት ነው።»

«እንግዲያው ፍቺው። ግን ለሥዕሉ ያለሽ ቦታ ያው ነው፤ ሙሉውን ጠረጴዛ ስትዘረጊበት ሁሉም ይደበዝዛል። ሰኞ እናስረክባለን፤ እስከዚያ ምረጪ።»

ሞክራ አየችው። ሲዘረጋ ስርጉዱ አንድ ሆነ፤ ግን በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር ደበዘዘ። ወዙ ጠፋ፤ እርጥብ ብርጭቆ የተቀመጠበት ይመስላል። እንግዲህ ምርጫዋ ይህ ነበር፤ ወይ እውነተኛ ሆኖ የማይታይ፣ ወይ ጥርት ያለና የተደገመ። ከቤት ያለው አንዴ ተልጓል። ሌላ ቅጂ የለም።

እሑድ ከሰዓት ላፕቶፑን ወደ ሳሎን ይዛ ገብታ አዲሱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ሁለቱንም ዓይነት ጭናለች፤ እናቷን ግን የምታሳያት የታጠፈውን አስቀድማ ነው፤ ቢያንስ አንዱ ጥርት ብሎ ይታያትና ከዚያ እናስተካክለዋለን በሚል። እናትየዋ መነጽሯን አደረገች፤ ከቫርኒሹ ወዲህ ባልተቀመጠችበት በራሷ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«በዚህ ትሄጃለሽ፣ በዚህ ዞረሽ ታያለሽ» አለች ልጅቷ።

እናትየዋ ሄደች። መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ተጣብቃ ቆየች፤ ከዚያ ጣሪያውን ስትመለከት ቆየች።

«እዚህ ቤት የሚያጸዳ የለም?»

«ሰው የለበትም እማ፤ ሄደዋል።»

«ሲሄዱስ ጠርገው አይሄዱም?» እያጉረመረመች ዞረች። ጠረጴዛው መጣ።

እናትየዋ ጣቷን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ መለሰችው።

«ይሄ አባትሽ ነው» አለች፣ ስክሪኑን ሳትነካ በጣቷ እያመለከተች።

«አዎ።»

ጣቷ ቀስ ብሎ ወደ ትይዩው ተሻገረ። «ይሄስ?»

«እሱ የኔ ስህተት ነው። አጥፌ ሠርቼው ነው፤ ተደገመ። ሌላኛው አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ትንሽ ቢደበዝዝም እሱን ነው የምሰጣቸው፣ ላሳይሽ...»

«አትንኪው።»

«ስህተት እኮ ነው እማ። እዚያ ጋ ምንም አልነበረም።»

«ማን ነው ምንም አልነበረም ያለሽ?» እናትየዋ በወንበሩ ላይ ገባ ብላ ተቀመጠች። ቀኝ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ፣ ስክሪኑ ላይ ካለው ስርጉድ ልክ በሚገጥመው ቦታ አሳርፋ፣ አገጯን በመዳፏ ደገፈች። ክርኑ ቦታውን ሳይፈልግ ነበር ያገኘው። «እሱ እየሰፋ ሲያወራ እኔ የት ሆኜ ስሰማው የኖርኩ መሰለሽ? መስኮት ላይ?»

ልጅቷ ከስክሪኑ ወደ እናቷ ክርን አየች።

«እሱ የነካውን ትቶ ይሄዳል። እኔ ደግሞ የነካሁትን ጠርጌ ነው የምነሣው» አለች እናትየዋ። «ለዚህ ነው ያልታየሽ።»

ክርኗን እንዳስደገፈች ክፍሉን ትንሽ ቆይታ ተመለከተች። ከዚያ ከመቀነቷ ጨርቋን መዝዛ ስክሪኑን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ጠረገች፤ ስርጉዶቹ ላይ ደጋግማ አሸች።

«አይለቅም» አለች።

«አይለቅም እማ።»

«ጥሩ።»

ሰኞ የታጠፈውን ጠረጴዛ አስረከበች። ጌሙን ከሚሞክሩት ሠራተኞች አንዱ ክፍሉን አይቶ «ጠረጴዛው ላይ ተደጋጋሚ ቴክስቸር፤ ይስተካከል» ብሎ አመለከተ። ሜሞሪ ወደ መስኮቱ መጣ።

«ዝገት፣ ይሄ ሁለት ቦታ የተበላው...»

«ሁለት ሰዎች ነበሩ» አለች፣ የያዘችውን በርሜል ማዛጓን ሳታቆም።

ሜሞሪ አሰብ አደረገ። ሁለተኛው ስርጉድ አንድም ሜሞሪ አልጨመረም። «እሺ» ብሎ ሄደ።

ቫርኒሹም በዚያው ሰሞን ደረቀ። እናትና ልጅ ጠረጴዛው ላይ መብላት ቀጠሉ። እናትየዋ ከተበላ በኋላ እንደ ልማዷ ከዳር እስከ ዳር ትወለውላለች፤ በራሷ በኩል፣ ክርኗ የሚያርፍባት መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ጨርቁን አንሥታ ታልፋለች። ልጅቷ አንድ ቀን «እዚህ ጋ ዘለልሽ» አለቻት።

«አውቄ ነው» አለች እናቷ። «ወዝ እስኪይዝ ነው።»